ደምሴ የኖረባቸው ሰዓታት

ጋሼ ከበደ፣ የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ነጋዴ። ደምሴ፣ አንድ ልጃቸውና ጓደኛዬ። እትዬ የሺ፣ የደምሴ እናት፤ ከጋሼ ከበደ ከተፋቱ ቆይተዋል፤ ልጃቸው ግን በአባቱ ግቢ አስጠግቷቸው ይኖሩ ነበር። አቶ ሽፈራው፣ የጋሼ ከበደ ወንድም። አምስተኛው እኔ ነኝ።

ትናንት ሕግ የምታጠናው ልጄ ጮክ ብላ ስታነብ፣ ሞት የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ መብት የሚያሻግር ክስተት ነው የሚል ሰማሁ። እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ክረምት አልፎ ነበር። የሮቢ ወንዝ ክፉ ጠባይ አለው፤ ቆላው አቧራ ሆኖ ሳለ ደጋው ጣርማ በር ላይ የዘነበው ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። አንድ ቀን ቀትር ላይ ጋሼ ከበደ፣ ደምሴና እኔ ሽንኩርት የጫነች አህያ እየነዳን ወንዙ ዳር ደረስን። ውሃው ቀልቶ ያገሳል።

«አባዬ፣ አህያዋ እንኳ አልገባም አለች እኮ!» አለ ደምሴ።

«ደግሞ አህያ ልትመክረኝ?» ብለው ጋሼ ከበደ ገቡ። ደምሴ ሊይዛቸው ተከተለ። እኔ ፈርቼ ቀረሁ። ደምሴን ግንድ መታውና ሰጠመ፤ ዳግመኛ አልወጣም። አባትየው ስሙን እየጠሩ እስከ ወንዙ መታጠፊያ ሲንሳፈፉ አየኋቸው። ከዚያ እርሳቸውም ጠፉ።

የሰፈር ሽማግሌዎች፣ «የሁለት ሰው መርዶ ባንዴ አይነገርም። ልጁ ተርፏል በላት፤ ጠዋት እኛ እናረዳታለን» አሉኝ። ልማዳችን ነው። እትዬ የሺ ዘንድ ሄጄ፣ «ጋሼ ከበደን ውሃ ወሰዳቸው፤ ደምሴ ግን ተርፎ ወደ ደብረ ሲና ለሕክምና ወስደውታል» አልኳቸው። እስኪነጋ እመቤታችንን ሲለምኑ አደሩ፤ ጥላም ተሳሉ። ጠዋት ሽማግሌዎቹ፣ «መንገድ ላይ ዐረፈ» አሏቸው።

ከለቅሶው በኋላ የጋሼ ከበደ ቤት ክርክር ሆነ። አባት ቀድሞ ከሞተ ቤቱ ለልጁ፣ ከልጁም ለእናቱ ያልፋል፤ ልጅ ከቀደመ ግን ለአቶ ሽፈራው። ጎረቤቱ ሁሉ ልጁ ከአባቱ በኋላ በሕይወት ነበር ብሎ ማለ። አልዋሹም፤ እኔ የነገርኩትን መሰከሩ። ሽማግሌዎቹ የመከሩኝን ለዳኛው አልገለጹም።

ዳኛው፣ «መጨረሻ በሕይወት ያየኸው ማንን ነው?» አሉኝ።

«ጋሼ ከበደን።»

እትዬ የሺ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጠበቁኝ። ስለ ቤቱ አንዲት ቃል አልተናገሩም። «አንተ ልጅ፣ ያን ሁሉ ሰዓት እመቤቴን የለመንኳት ለሬሳ ነበር?»

 

ልጆቼን እውነት ተናገሩ እያልኩ፣ አንዳንዴም በአለንጋ፣ አሳድጌአለሁ። አልጸጸትም። ነገር ግን ያን እውነት መናገር የነበረብኝ በዚያው ቀን፣ የእትዬ የሺ ልብ ተስፋ ሳይቋጥር ነበር። አዘገየሁት፤ ሲዘገይ ስለት አወጣ።

እትዬ የሺ ቤቱን ለቀው ቀወት ገጠር እኅታቸው ዘንድ ገቡ። አቶ ሽፈራው ቤት አገኙ፤ ለሠርግም ለለቅሶም የሚጠራቸው ጎረቤት አጡ። እኔ ደግሞ፣ እትዬ የሺ ሲሞቱ «እሱ ቀብሬ ላይ አይቁም» ብለው መናዘዛቸውን ሰማሁ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሜ ሸኘኋቸው።