ከጨፌው የመጣው ቄጠማ

ከባለቤቴ ጋር በመጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ የእሱን ቦቲ ጫማ ማጠብ ነበር። ነሐሴ ነው፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ለአፍታ ጋብ ብሏል። ግቢያችን ውስጥ ካለው ቧንቧ አጠገብ ተቀምጠን አንዱን እግር እሱ፣ አንዱን እኔ ይዘን ጭቃውን በእንጨት እንፍቃለን። የጨፌ ጭቃ እንደ መንገድ ጭቃ አይደለም። ጥቁር ነው፤ ይሸታል፤ ላስቲክ ላይ ከተጣበቀ በቀላሉ አይለቅም።

«ውሃው የውሃ ጽሕፈት ቤት ነው» አለ እየፋቀ። «ሣሩ የግብርና። ወፉ የአካባቢ ጥበቃ። ጭቃው ብቻ ባለቤት አጣ።»

«ባለቤትማ አለው፤ የማጥበው እኔ አይደለሁ እንዴ?» አልኩት።

ሳቀና የያዘውን ጫማ እንዲደርቅ ግድግዳው ላይ ዘቅዝቆ አስደገፈው። በማግስቱ ጠዋት ቢሮው ደረጃ ላይ ወደቀ። ሆስፒታል ሳይደርስ አለፈ።

ጨፌ የምንለው ከአምቦ ወጣ ብሎ ያለ ረግረግ ሜዳ ነው። በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ በበጋ ከብት ይግጥበታል። ውሃው ሲሞላ እግረ ረጃጅም ወፎች መጥተው ቄጠማው መሃል ጎጆ ይሠራሉ። ባለቤቴ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ነበር። ሆኖም አብዛኛው ሥራው ወፍ ማየት ሳይሆን ሦስት መሥሪያ ቤቶችን ማነጋገር ነበር። የውሃ ጽሕፈት ቤት የውሃውን ከፍታ ይለካል፤ ልኩን ግን ለግብርና አያሳይም። ግብርና፣ ገበሬው መሬት እንዲያገኝ ብሎ ውሃውን የሚያንጣፍፍ ቦይ ያስቆፍራል። የእሱ ቢሮ ደግሞ በየዓመቱ ወፍ ይቆጥርና ለምን እንደቀነሰ ለማንም ሳይነግር ያስቀምጠዋል። እሱ በሞተር ሳይክል ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመላለስ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ ሦስቱንም ከጨፌው ዙሪያ ገበሬዎች ጋር አንድ ሾላ ሥር አስቀመጣቸውና ደንብ ወጣ።

ደንቡ አጭር ነበር። አዲስ ቦይ አይቆፈርም። ከሰኔ እስከ መስቀል ማግስት፣ የወፎቹ ጫጩቶች እስኪበሩ ድረስ፣ ማንም ማጭድ ይዞ ጨፌው ውስጥ አይገባም። ይህ ሁለተኛው በጣም የከበደው ቄጠማ ቆርጠው አምቦ ገበያ በሚያወርዱት ሴቶች ላይ ነው። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ለእነሱ የዓመቱ ዋና ገበያ ነው። ያንን ትተው ለገናና ለፋሲካ እነሱ ብቻ እንዲቆርጡ ተስማሙ። ደንቡን የጣሰ ቅጣቱ የድሮዎቹን ቦዮች በአካፋ መድፈን ሆነ። በገንዘብ ይሁን ሲባል እምቢ ያሉት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ «ገንዘብ ያለው እየከፈለ ይቆርጣላ» ብለው። ባለቤቴ ያን ማታ ቤት ሲገባ ይህችን አባባል እየደጋገመ ይስቅ ነበር።

ለለቅሶው የእድሩ ድንኳን ደጃችን ላይ ተተከለ። ዝናቡ አላቆመም። ሰው ሲመላለስበት መሬቱ ቦካ፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ሰመጡ። ጭድ ቢፈለግ የነበረው ሁሉ ረጥቧል። እኔ ቤት ውስጥ ፍራሽ ላይ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ የጋሪ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ደጅ ያሉት ሴቶች ይከራከሩ ጀመር።

«ቄጠማ ለሐዘን? ሰርግ መሰላችሁ እንዴ!»

«ታዲያ እርስዎ ጭቃው ላይ ይቀመጡ፣ እማማ። እኔ ወገቤን ያመኛል።»

ብዙ ሳይቆይ ቄጠማው ከድንኳኑ አልፎ እስከ በራችን ተነጠፈ። ገበሬዎቹ የጨፌው ጠባቂ አድርገው የመረጡት ሽማግሌ ማጭዱን እንደያዙ ገቡ። ጋሪውን የጫኑት እሳቸው ናቸው። እያለቀሱ፣ «አዴ፣ ለሳቸው ያልሆነ ለማን ይሁን? ጨፌው ራሱ ለቅሶ ደረሰ በይ» አሉኝ።

እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው። ደስም ብሎኝ ነበር። ባሌ ሞቶ፣ ፊቴ አብጦ፣ ሰው ይህን ያህል አክብሮታል ብዬ ውስጤ ኮራ። ዛሬም ድረስ ሳስታውሰው ፊቴን የሚያቃጥለኝ ከሁሉ በላይ ያ ኩራት ነው።

የሦስቱ ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች መጥተው ቄጠማውን ረግጠው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ባለቤቴ በሕይወት እያለ ለስብሰባ ለምኖ የማያገኛቸው ሰዎች ናቸው። ንፍሮ በሉ፣ አጽናኑኝ፣ ሄዱ። አንዳቸውም ወደ መሬት አላዩም። ከእሱ ጋር ወፍ ይቆጥር የነበረው ባልደረባው ግን ድንኳኑ አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ታች አየ፤ ቀና ብሎ በበሩ በኩል እኔን አየኝ፤ ወዲያው ዓይኑን ሰበረ። እዚያው ዝናብ ላይ ቆሞ አመሸ። ሰዎች «ግባ እንጂ» ሲሉት «ደህና ነኝ» ይላል። የዚያን ጊዜ ነው ምን ላይ እንደተቀመጥን የገባኝ። ወሩ ነሐሴ ነበር።

በሰልስቱ የጠወለገው ተጠርጎ ሌላ እርጥብ መጣ። አሁን እያወቅኩ ነው። «መልሱት» ለማለት አፌን ከፈትኩ። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል፤ የእድሩ ሰዎች በዝናብ በስብሰዋል። ሽማግሌውን ሰው ፊት ማሳፈሩ ከበደኝና ዝም አልኩ።

ድንኳኑ ሳይነሣ ወሬው ገበያ ደረሰ። ጳጉሜን ሲቃረብ ያ ባልደረባው ቤት መጥቶ፣ ሴቶቹ ለእንቁጣጣሽ እንቆርጣለን እንዳሉ፣ ጠባቂው ሽማግሌ ደግሞ ሾላው ሥር ለዳኝነት እንደተጠሩ ነገረኝ።

«መሥሪያ ቤቶቹስ?» አልኩት።

«ውሃ፣ ጉዳዩ የሣር ነው ይላል። ግብርና፣ የወፍ ነው ይላል። የኛው አለቃ፣ ሦስታችንን ለስብሰባ የሚጠራን ሟቹ ነበር አለኝ።»

ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ ተነሣሁ። ጎረቤቴ በሩ ላይ ክንዴን ያዘችኝ። «አርባው ሳይወጣ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ያለውን ልሰማ ነው የምሄደው» አልኳትና ወጣሁ።

ሾላው ሥር የነበሩት ሲያዩኝ ሁሉም ብድግ አሉ። ያም አሳፈረኝ። ጠባቂው ማጭዳቸውን ከፊታቸው መሬት ላይ አስቀምጠው፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቦዩን እደፍናለሁ» አሉ። እኔም በቻልኩት ኦሮምኛና አማርኛ እያደባለቅኩ ተናገርኩ። ሣሩ የተነጠፈው እኔ ቤት ነው፤ ሁለተኛውን ጊዜ እያወቅኩ ዝም ብያለሁ፤ ቅጣቱ ለእኔ ይገባል አልኩ።

ዋናው ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ሐዘንተኛ አይቀጣም። እንዲህ ያለ ሕግ አባቶቻችን አላቆዩልንም። ለሐዘን ብሎ የቆረጠም አይቀጣም።»

ከቄጠማ ሻጮቹ አንዷ ተነሣች። በገበያ አውቃታለሁ፤ ለብዙ በዓል ከእሷ ነው የገዛሁት።

«እትዬ» አለችኝ፣ ድምጿን ሳታነሳ። «የእርስዎ ባል ሲሞት ጨፌው ተከፈተ። የኔ ባል አምና ክረምት ሲሞት እኛ ጭቃ ላይ ነው የተቀመጥነው። ማጭዱ ቤቴ ነበር። ደንብ ነው ስላሉን አልነካነውም። ደንቡን ደግሞ ቤታችን ድረስ መጥተው ያስረዱን የእርስዎው ባለቤት ናቸው።»

ከጀርባ አንዲት ሴት «እውነቷን ነው» ስትል ሰማሁ፤ ሌላዋ «ተይ፣ ሐዘን ላይ ናት» አለቻት። ያ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ከበደኝ።

ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ተነጋግረው ተመለሱ። አንዱን ምሮ ሌላውን መቅጣት ጥል ያመጣል፤ ለዘንድሮ ጨፌው ይከፈት አሉ። ከሦስቱ መሥሪያ ቤቶች አንድ ሰው እዚያ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሌላ መንገድ ይገኝ ነበር። አልተገኘም። ባልደረባው ብቻ ነበር፤ እሱም የመናገር ሥልጣን የለውም።

በዋዜማው ገበያው አረንጓዴ ሆነ። ጎረቤቴ ለእኔም አንድ እቅፍ ገዝታ መጣች። ሐዘን ላይ ነኝ፣ አልጎዘጉዝም ብዬ መለስኳት። እውነተኛውን ምክንያት አልነገርኳትም። ከመስቀል በኋላ ባልደረባውን መንገድ ላይ አገኘሁትና የወፎቹን ቆጠራ ጠየቅኩት። «ዘንድሮ አልቆጠርኩም» አለኝ።

አርባው እንደወጣ አካፋ ይዤ ወደ ጨፌው ሄድኩ። ጠባቂው ማንም ሳያዛቸው ብቻቸውን ቦይ እየደፈኑ ነበር። ከጎናቸው ቆምኩ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ ስደረድር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እጄ ወዲያው ተላጠ። ያቺ ቄጠማ ሻጭ ላሟን ስትነዳ አየችኝና ቆመች።

«እትዬ፣ አካፋ ነው እኮ፣ ማንኪያ አይደለም። ሾርባ የሚያማስሉ ነው የሚመስሉት።»

«እንዴት ነው የሚያዘው ታዲያ?»

መጥታ አሳየችኝ። ቦዩ አፍ ላይ ትልቁን ጓል ራሷ ገፋችውና ላሟን ይዛ ሄደች። ይቅር ማለቷ ነው ብዬ አላሰብኩም። አሁንም አላስብም። ገበያ ስንገናኝ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ሰላም ትለኛለች።

ደንቡ አልተሻረም፤ ግን አልጸናም። እንዲጸና ሦስቱም መሥሪያ ቤቶች ከገበሬዎቹ ጋር እንደገና ተቀምጠው፣ ሐዘን ያለበት ቤት ክረምት ላይ ምን እንደሚያነጥፍ ጭምር መስማማት አለባቸው። ይህንን ባለቤቴ አላሰበውም ነበር። ከዚያች ሴት በፊት ማንም አልተናገረውም። ሽማግሌዎቹ፣ ሦስቱን አምጪልን እንጂ እኛ ዝግጁ ነን ይሉኛል።

አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ እያስፈቀድኩ ከውሃ ጽሕፈት ቤት ወደ ግብርና፣ ከግብርና ወደ አካባቢ ጥበቃ እየሄድኩ፣ ስብሰባውን መቼ እንደሚጠሩ እጠይቃለሁ።