ለስለት የተሰጠው መርፌ

ኢንሱሊኔ የሚቀመጠው ጎረቤታችን ሐጂ ሱቅ፣ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከለስላሳው ጎን ነው። የከሚሴን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ እኛ ቤት ደግሞ ፍሪጅ የለም። ጠዋት ስሄድ ሐጂ በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርሽ፣ ብለው ያወጡልኛል፣ «ቢስሚላህ በይ» ይሉኛል፤ እኔ በስመ አብ ብዬ እወጋለሁ። ከዚያ ቶሎ ቁርስ መብላት አለብኝ።

አንድ ጠዋት ብሄድ ቦታው ባዶ ነው። ሐጂ ደነገጡ። ማታ እናቴ መጥታ፣ ሐኪሙ መድኃኒቷን ቀይሮላታል ብላ ወስዳዋለች አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ቤት ገብቼ ስጠይቃት አልሸሸገችም። ጸበል የሚያጠምቁት አባት፣ መርፌውን ካላስተውሻት የእግዚአብሔርን ኃይል ተጠራጥረሻል ብለዋታል። እሷም ድኛለሁ ብዬ እንድመሰክር፣ ጸበሉ ግቢ ውስጥ፣ የዳኑ ሰዎች ክራንቻቸውን ትተው ከሚሄዱበት ቦታ መድኃኒቴን አስቀምጣዋለች። የሰባት ቀን ስለት፣ ያለ መርፌ። ሰባት ቀን! ባለፈው ሁለት ቀን ቢቋረጥብኝ ራሴን ስቼ፣ ተሸክማ ሆስፒታል ያደረሰችኝ እሷው አይደለችም? እናት ናት ብዬ ዝም አላልኩም። ልትገድይኝ ነው ወይ አልኳት። አለቀሰች።

ጥያት ወጣሁ። ጸበሉ ግቢ ሰው ሞልቷል። አጥማቂው ፊት ቆሜ መድኃኒቴን ስጡኝ አልኩ። እሳቸውም ሰው ሁሉ እየሰማ እምነት እንደጎደለኝ፣ የጌታን ኃይል በብልቃጥ እንደለወጥኩ ነገሩኝ።

«አባቴ፣» አልኳቸው፣ «ሰማይን ያለ ምሰሶ ያቆመ አምላክ ይቺን ብልቃጥ ይፈራል? እኔ እሱን አልተጠራጠርኩም። የተጠራጠርኩት እርስዎን ነው።»

ሰዉ አጉረመረመ። ያጉረምርም! ከክራንቾቹ ሥር መድኃኒቴ ያለበትን ፌስታል ራሴ አወጣሁ። እዚያው ጥላ ሥር ተቀምጬ፣ አማትቤ፣ ተወጋሁ። ከዚያ ተነስቼ ጸበሉ ወረፋ ውስጥ ገባሁ። ማን ሊከለክለኝ? ጸበሉም የእኔ ነው፣ መርፌውም የእኔ ነው፣ ሁለቱንም የሰጠኝ አንድ ነው። ተራዬ ሲደርስ አጥማቂው ከሌላው ሰው አብዝተው አፈሰሱብኝ። እሰየው፣ አልተንቀሳቀስኩም።

ውሃው እየተንጠባጠበብኝ ስወጣ እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ለካ ተከትላኝ መጥታ ሁሉንም አይታለች። ዓይኗ አብጧል። ይቅርታም አልጠየቀችኝ፣ ስለቱንም አላነሳችብኝ። ከነጠላዋ ሥር ዳቦ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች።

«ተወግተሻል፤ ቶሎ ብይ» አለችኝ።