ስኳር አለው?

የቢሮው ሻይ አፍይ ልጅቷን ልብ ያለቻት በጥያቄዋ ነው። አዲስ የሶፍትዌር መሐንዲስ ናት፤ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ጎትታ ብርጭቆውን ትቀበልና፣ ጠዋት ጠዋት "እትዬ፣ ስኳር አለው?" ትላለች። እዚያ ቤት ስኳር የሌለው ሻይ ተፈልቶ አያውቅም።

በሳምንቱ ሴትዮዋን አላስችል አላት። "ልጄ፣ እያወቅሽው ለምን ትጠይቂኛለሽ?"

ልጅቷ አቀረቀረች። "የመጀመሪያ ግምገማዬ ላይ 'ስትቸገር ሰው አትጠይቅም' ብለው ዝቅተኛ ነጥብ ሰጡኝ። ከትንሹ ልለማመድ ብዬ ነው።"

ከመስታወቱ ወዲያ ባልደረቦቿ አንድ ኮምፒውተር ከበው ይሳሳቃሉ። የልጅቷ ዓይን እነሱ ላይ ቀረ፤ ሻዩም እጇ ላይ ቀዘቀዘ።

ሴትዮዋ ትኩስ ቀዳችላት። "በይ እንግዲህ፣ የማታውቂውን ጠይቂኝ።"

ልጅቷ ጥቂት አሰበች። "እትዬ፣ እርስዎ ሲቸግርዎ ማንን ይጠይቃሉ?"

ሴትዮዋ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ አጠገቧ ተቀመጠች።