ግባ እስኪሉኝ

የጎረቤቴ የወይዘሮ ማርታ ልጅ ታምራት ባለፈው ወር ከእስር ተፈታ። እኔም እንደ ሠፈሩ ሰው እንኳን ለቤትህ አበቃህ ልለው ሄድኩ። ስደርስ ልጁ በገዛ እናቱ ደጃፍ ቆሟል። ዝናቡ ያካፋል፣ በሩም ክፍት ነው፤ እሱ ግን አይገባም።

ማርታ ወደ ጓሮ ወሰደችኝና «ምን ሆኖብኝ ነው አባባ?» አለች። «አልጋ አንጥፌለት መሬት ላይ ግድግዳ ተጠግቶ ያድራል። ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ እኔን ያስፈቅደኛል። አሳብደው ነው የላኩልኝ?»

«አላበደም» አልኳት። «ይህን ነገር አውቀዋለሁ።»

ከየት እንዳወቅኩት አልነገርኳትም። ሆሳዕና ውስጥ የሚያውቁኝ ጣውላ ሲልግ ያረጀ ሽማግሌ አድርገው ነው። መላግን የት እንደተማርኩ የሚያውቁት አንድ በአንድ አልቀዋል። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ እስክሪብቶም እንደ መላጊያ አይታዘዘኝም። ቢሆንም ይህን ሳልጽፈው አልሞትም ብያለሁ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ሞርሲቶ ገበያ ውስጥ በበሬ ሰበብ ከአንድ ሰው ጋር ተጣላሁ፤ በዱላ ስመታው ክንዱ ተሰበረ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዛሬም አልክደውም። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደብኝና ከአገሬ ርቆ ወዳለ ወህኒ ቤት ወሰዱኝ። መላግንም የተማርኩት እዚያ ነው።

ክፍሉ ከመጥበቡ የተነሳ እንደ ታሰረ ሸንኮራ ተጣብቀን በአንድ ጎን ነበር የምንተኛው። ጎኑን ያመመው ሰው ብቻውን መገላበጥ አይችልም። ካቦ የምንለው የክፍሉ አለቃ «ዙር!» ሲል ሁላችንም በአንድ ጊዜ እንዞራለን። ምግቡ በአንድ ሳህን ለብዙ ሰው ይመጣል፤ የዘገየ ጦሙን ያድራል። ቅማል አለ፣ ሳል አለ። ሰውን የሚጎዳው እሱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቅማሉ እንኳ ልብስ ሲቀቀል ይሞታል። ሌላው ነው ክፉው። በር የሚከፍትልህ ሌላ፣ ተነስ የሚልህ ሌላ፣ ተኛ የሚልህ ሌላ ሲሆን፣ የራስህ ፈቃድ እንዳልተራመዱበት እግር እየሰለለ ይሄዳል።

ይህን ከኔ ቀድመው ያዩት ጋሽ ነስሩ ናቸው። የሾኔ ሰው፣ የዝንጅብል ነጋዴ ነበሩ። ጠዋት ወደ ግቢው ስንወጣ እኔ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ፤ እሳቸው መጥተው በክርናቸው ይነቀንቁኛል።

«ተነስ! ዛሬ ከሾኔ ተነስተን አዲሎ ገበያ እንገባለን።»

ግቢውን እየዞርን መንገዱን ይተርኩልኛል። «እዚህ ጋ ቁልቁለት ነው፣ ጭነቱን ደግፍ። እዚህ ጭቃ አለ፣ በዳር በዳር።» እኔም ደረቁ መሬት ላይ እግሬን ከጭቃ እንደሚያወጣ ሰው አነሳ ነበር። እስረኛው ይስቃል።

«ጋሽ ነስሩ፣ አህያዎ ዛሬ ሰነፈች!»

«የምትሄድ አህያ ከተኛ ፈረስ ትሻላለች» ብለው ይመልሳሉ። አህያዋ እኔ ነበርኩ።

አዲሎ ግን አንድም ቀን አልገባንም። ሁልጊዜ ልንደርስ ስንል ፊሽካው ይነፋል። «በቀን አንድ ነገር በራስህ ፈቃድ አድርግ» ይሉኝ ነበር። «ውሃ ሲሰጡህ ቶሎ አትጠጣ። ያዘውና መቼ እንደምትጠጣው አንተ ወስን።» እኔ ልጅነት ይዞኝ ወዲያው እጨልጠዋለሁ።

የምፈታበት ቀን ሲደርስ ሳሉ ደረታቸውን ይዞት ነበር። «አዲሎ ስትደርስ ሻይ ጠጣልኝ፣ በዝንጅብል» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም።

መኪናው አዲሎ ቆመ። ሻይ ቤቱ በር ድረስ ሄድኩ። የዝንጅብሉ ሽታ ከውስጥ ይመጣል፣ ሰው ይገባል፣ ይወጣል። እኔ ቆሜያለሁ። ምን እንደምጠብቅ የገባኝ ሾፌሩ ጡሩምባ ሲነፋ ነው። «ግባ» የሚለኝ ሰው እየጠበቅኩ ነበር። ሻዩን ሳልጠጣ ተመልሼ መኪናው ላይ ወጣሁ። ዱራሜን አልፈን ሆሳዕና እስክንገባ ቀና ብዬ ሰው አላየሁም።

ቤት የጠበቀችኝ ታላቅ እህቴ ታደለች ናት፤ እናትና አባታችን ቀደም ብለው አርፈዋል። ቡላውን በቅቤ አሽታ አታካና ሠርታ ዘመድ ጠርታለች። ሳህኑን በክንዴ አጥሬ፣ ማንንም ሳላይ ጎረስኩ። ቀና ስል ዘመዱ ሁሉ እጁን ሰብስቦ ያየኛል።

ከዚያ ወዲህ ሁሉን ነገር አስፈቅዳታለሁ። «ልውጣ?» ስላት መጀመሪያ «ውጣ» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ሥራዋን አቁማ አየችኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ፈቃጅ የለም።»

«ታዲያ ማንን ልጠይቅ?»

«እኔ እንጃ።»

ቃሏን አላጠፈችም። ስጠይቃት አትመልስም፤ እኔም ደጃፉ ላይ ቆሜ እውላለሁ። ጎረቤት «ታደለች ወንድሟን ደግማ አሰረችው» እያለ አማት። እሷ ወይ ፍንክች።

ክረምቱ እንደገባ አንድ ከሰዓት፣ እንሰቱ መሃል የታሰረችው ጥጃ ስትዞር ዋለችና ገመዱ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። ላማችን ያላት ጥጃ እሷ ብቻ ናት። እየሰማኋት ታነቀች፣ ወደቀች። እግሮቼ የበሩ መድረክ ላይ ተተከሉ።

«ታደለች! ልውጣ?»

ታደለች ሣር ታቅፋ አጥሩ ጋ ቆማለች። ጥጃዋንም እኔንም ታያለች። ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም። ከንፈሯን ነክሳ ብቻ ታየኛለች። ጥጃዋ መፈራገጧን ልታቆም ስትል አንድ ነገር በውስጤ ተበጠሰ። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ ራሴን ያገኘሁት ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ገመዱን ስፈታ ነው። ጥጃዋ እየሳለች ተነሳች። ታደለች ያን ጊዜ ሣሩን ጣለችና ተቀምጣ አለቀሰች።

«ብትሞትስ ኖሮ?» አልኳት ማታ።

«ጥጃ ላሚቱ ትወልዳለች። አንተን ግን እናታችን ከመቃብር ተነስታ አትወልድልኝም።»

መስከረም ሲጠባ አዲሎ ሄድኩ። ሻይ ቤቱ ማንም ግባ ሳይለኝ ገባሁና በዝንጅብል አዘዝኩ። ሲቀርብልኝ ቶሎ አልጠጣሁም፤ መቼ እንደምጠጣው የምወስነው እኔ ነበርኩ። ጋሽ ነስሩም ኋላ ተፈቱ፤ ሳሉ ግን አብሯቸው ወጣ። ዓመት ሳይሞላቸው ሾኔ ተቀበሩ። እኔን በእግሬ ያቆሙኝ ሰው ሳምባቸውን እዚያ ትተው ነው የመጡት። ሰው ላጠፋው ጥፋት ይታሰር፣ እኔም ታስሬያለሁ። ዳኛው የፈረደብኝ ግን አንድ ዓመት ከመንፈቅ ነው፤ ሳምባም ፈቃድም እንዲወሰድ አልፈረደም።

ታምራትን ከኔ ጋር እንዲሠራ ጠራሁት። ሦስት ቀን በተከታታይ መጥቶ መሥሪያዬ በር ላይ ቆመ።

«አባባ፣ ልግባ?»

መላጊያዬን እገፋለሁ እንጂ አልመልስም። ማርታ ከአጥሯ ማዶ «ምነው አባባ፣ ግባ ቢሉት ምን አለበት!» ብላ ተቆጣችኝ። ታደለች ያን ዕለት ምን ያህል እንደጨነቃት ያወቅኩት በዚህ እድሜዬ ነው። ዝም ማለት ጥርስ ያስነክሳል። ቢሆንም ከሷ የተማርኩትን አልለቅም አልኩ።

ትናንትም ታምራት በሩ ላይ እንደቆመ፣ ረጅሙን ጣውላ ብቻዬን ላነሳ ሞከርኩ። ጉልበቴ ከዳኝ፤ የጣውላው ጫፍ ወደ መሬት አዘነበለ። ሰው አልጠራሁም። ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ፣ ከዚያም ጣውላው ቀለለኝ።

ዞሬ አላየሁም። «ወደ ግራ» አልኩ ብቻ፤ ይዘነው ሄድን።