እንግሊዝኛን በዳዊት ዜማ

ከቤቴ ጀርባ አዲስ የተከፈተ የሕፃናት ትምህርት ቤት አለ፤ ጠዋት መስኮቱን ስከፍት ልጆቹ በአንድ ድምፅ እየጮኹ ሲያነቡ ይሰማኛል። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ በዚያ ሰዓት ሬዲዮ ይከፍት ስለነበር ጩኸታቸውን ልብ ብዬው አላውቅም፤ እሱ ካረፈ ወዲህ ግን የውጭው ድምፅ ሁሉ ያለ ከልካይ ይገባል። በቀደም ዕለት መጋረጃውን ይዤ ቆሜ ስሰማቸው፣ ሳላስበው ከንፈሬ መንቀሳቀስ ጀመረና ከልጅነቴ ወዲህ አንስቼው የማላውቀውን የእንግሊዝኛ ገጽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንበለበልኩት። ዜማው የዳዊት ዜማ ነበር።

ያደግሁት በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ኮልፌ፣ ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ባሕር ዛፍ በከበበው ግቢ ውስጥ ነው። አባቴ የኔታ ታፈረ ጎጃም ቅኔ ተምሮ የመጣ የቄስ ትምህርት ቤት መምህር ነበርና በግቢያችን ዳስ ጥሎ የሰፈሩን ልጆች ፊደል ያስቆጥር፣ ዳዊት ያስደግም ነበር። እኔም ከእነሱ መሐል ተቀምጬ ዳዊት ደግሜያለሁ። በትምህርት ሰዓት «የኔታ» እና «እርስዎ» እለው ነበር፤ ትምህርቱ አልቆ ልጆቹ ሲበተኑ ደግሞ «አባባ» እና «አንተ» ይሆናል።

ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ሰባተኛ ልገባ ስጠባበቅ ክረምቱ ገባ። ከሰባተኛ ጀምሮ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለነበር እንግሊዝኛ የወደቀ ልጅ ክፍሉን ይደግማል። እናቴ ደግሞ የራሷ ሐሳብ ነበራት። አስኮ የምትኖረው እህቷ እትዬ ብርቄ የስፌት መኪና ስላላት አጠገቧ ተቀምጣ የምታግዛት ልጅ ትፈልግ ነበር። «ካለፈች ትማር፤ ከወደቀች ግን ዓመት አታባክንም፣ አስኮ ሄዳ ሙያ ትያዝ» ብላ እናቴ ቆረጠች። ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ይህን ከሰማ ወዲያ ባየኝ ቁጥር አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መርፌ ላይ ክር የሚያስገባ ሰው መስሎ፣ «እንዴት ነው አስኮ? አየሩ ተስማማሽ?» ይለኝ ነበር። ስፌት ጠልቼ አልነበረም። ነገር ግን ያገኘሁትን ሁሉ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር አንብቤ የማልጠግብ ልጅ ነበርኩና ከትምህርት ቤት ልወጣ እችላለሁ ብዬ ሳስብ ምግብ አይወርድልኝም ነበር።

አባቴ ከእንግሊዝኛ አንዲት ፊደል አያውቅም ነበር፤ ሰው ማንበብን እንዴት እንደሚማር ግን አሳምሮ ያውቃል። ሐምሌን ዝናቡ ጣሪያችንን ሲደበድብ እየዋለ፣ ደምሴ የተማረበትን አሮጌ የንባብ መጽሐፍ አስመጥቶ፣ ደምሴን አንድ ጊዜ አስነብቦ ካዳመጠ በኋላ፣ እኔን ልክ እንደ ዳዊት ያስጠናኝ ጀመር፤ በመጀመሪያ ፊደል በፊደል፣ ቀጥሎ ቃል በቃል፣ ከዚያ ረጋ ብሎ በዜማ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ወራጅ ውሃ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በጆሮው ብቻ ይከተለኛል።

«ቁሚ!» ይላል ድንገት። «እዚህ ላይ አንዲት ቃል ዋጥሽ።»

«የለም የኔታ፣ ብያታለሁ።»

«ትናንት እዚህ ጋ ‹ኦፍ› የምትል ነገር ነበረች።»

መጽሐፉን ስገልጠው ቃሏ እዚያው ተቀምጣ አገኛታለሁ።

ጎረቤታችን እማማ ትርንጎ በአጥራችን ሥር ሲያልፉ ድምፃችንን ሰምተው፣ ጸሎት ላይ ያለን መስሏቸው፣ ቆም ብለው ያማትቡ ነበር። አንድ ቀን አላስችል ብሏቸው «የኔታ፣ ይህ ደግሞ የየትኛው ጻድቅ ገድል ነው?» ቢሉት፣ አባቴ ምንም ሳይስቅ «የአንድ ውሻ ነው» አላቸው።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲከፈት የእንግሊዝኛ መምህራችን ሚስስ ቶማስ የሚባሉ ህንዳዊት ሆኑ። የኮልፌን ጭቃ ስለሚያውቁት ከሚያምረው ሳሪያቸው በታች የጎማ ቦት ጫማ ተጫምተው ይመጡ ነበር። የንባብ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሌሎቹ ልጆች በየቃሉ እየተደናቀፉ ሲነሱ፣ እኔ ገጹን ሳላየው በዜማ እወርደው ስለነበር ከኋላ ያሉት ወንዶች «ዝም በሉ፣ የየኔታ ልጅ ልትቀድስ ነው» እያሉ ያሾፉብኛል። ሚስስ ቶማስ ግን ይገርማቸው ነበር። አስኮ ከሐሳቤ መራቅ ጀመረች።

ኅዳር ላይ «ቤቴ» በሚል ርእስ አንድ ገጽ ጽፈን እንድንመጣ ታዘዝን። ቀላል ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ቤት የሚያወራ ገጽ ነበርና። በእኛ ዳስ ተማሪ የሚከበረው የተሰጠውን ቃል ሳያጓድል ሲመልስ ነው፤ ዳዊት ላይ ከራሱ የሚጨምር ልጅ ቢገኝ አባቴ በአለንጋ ነበር የሚያናግረው። ስለዚህ ገጹን አንዲት ነጥብ እንኳ ሳላስቀር፣ በሚያምር ጽሕፈት፣ በቃሌ ጽፌ አስረከብኩ።

ወረቀቱ ሲመለስልኝ አናቱ ላይ ቀይ ዜሮ ነበረበት። ሚስስ ቶማስ በዝግታ፣ ሁላችንም በሚገባን እንግሊዝኛ ጠየቁኝ።

«ጥሩወርቅ፣ ቤትሽ የት ነው?»

«ኮልፌ ነው፣ ሚስ።»

«በቀይ ሸክላ የተሠራ፣ የጭስ ማውጫ ያለው ነው? አያትሽ እሳት ዳር ተቀምጠው ፒፓ ያጨሳሉ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ በአማርኛ «ኧረ አያቷ መነኩሴ ናቸው!» ብሎ ጮኸ። ሚስስ ቶማስ ግን አልሳቁም፤ ከመጽሐፍ ገልብጣለች ብለው ስላመኑ አባቴን እንዳመጣ አዘዙኝ። ያን ዕለት ወደ ቤት ስመለስ ከአባቴ አለንጋ ይልቅ የእትዬ ብርቄ የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

በማግስቱ አባቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ጥምጥሙን አስተካክሎ፣ ደምሴን አስተርጓሚ አድርጎ መጣ። ሚስስ ቶማስ ክሱን ሲነግሩት ወደ እኔ ዞሮ «አይተሽ ነው በቃልሽ?» አለኝ። «በቃሌ ነው፣ የኔታ» አልኩት። «በያት» አለኝ። እጄን አጣምሬ ገጹን በዜማ ወረድኩት፤ አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን እየነቀነቀ ተከተለኝ፤ ስጨርስ በኩራት መምህሯን አያቸው።

ሚስስ ቶማስ ወረቀቴን አንስተው እንደገና አዩት። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ ደምሴም ተረጎመ። «አልገለበጠችም፤ ይህን አምኛለሁ። እንዲህ ያለ አእምሮም አይቼ አላውቅም። ግን ይህ የሌላ ሰው ቤት ነው። እኔ የጠየቅኋት የእሷን ቤት ነው። ማንም ያላለውን፣ እሷ ብቻ የምታውቀውን።»

አባቴ ይህን ሲሰማ ጢሙን ይዞ ቆየና ጉልበቱን በመዳፉ መታ።

«ለካ ቅኔ ኖሯል! ደምሴ፣ ንገራቸው። እኔ ዳዊት ላይ አስቀምጫታለሁ፣ እሳቸው ለካ ቅኔ ቤት ሆነው ይጠብቋታል!»

«አባባ፣ ቅኔን በእንግሊዝኛ ምን እላለሁ?»

«እኔ አውቄ? የሚያስተምርህ መንግሥት አይደለም እንዴ!»

ደምሴ ላብ በላብ ሆኖ ምን ብሎ እንደተረጎመው እንጃ፣ ሚስስ ቶማስ በመጨረሻ ሳቁና የአባቴን እጅ ጨበጡ። ዜሮዬ ግን አልተነሳም። በሰኔው ፈተና ላይ እዚያው የሚሰጥ ርእስ እንደሚመጣ፣ እሱን ከራሴ ካልጻፍኩ እንደማላልፍ ቁርጡን ነገሩን።

በዚህ ዓይነት በጋው ሌላ ትምህርት ቤት ሆነልኝ። በቅኔ ቤት ተማሪው በየቀኑ ብቻውን ከሰው ርቆ ተቀምጦ፣ አዲስ ነገር አስቦ፣ ማታ ለመምህሩ ያሰማል፤ ሌላ ሰው ያለውን ይዞ የሚመጣ ያፍራል። አባቴም ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጓሯችን ባሕር ዛፍ ሥር ያስቀምጠኝ ጀመር። እናቴ ከጓዳ «ጥሩዬ! ነይ ውሃ ቅጂ!» ስትል፣ እሱ ከዳሱ «ተያት፣ ቅኔ ቤት ናት!» ይላል። «የምን ቅኔ ቤት ነው? ከጓሮ ተጎልታ እያየኋት!» ትላለች እናቴ፤ እንስራውን ግን ራሷ ታነሳዋለች።

መጀመሪያ በአማርኛ ነበር የማሰማው። ባሕር ዛፉ ረጅም ነው፣ ሰማዩ ሰማያዊ ነው፣ አገሬን እወዳለሁ እለዋለሁ፤ እሱም «ይህን ሰምቼዋለሁ፤ ሂጂ ተመለሺ» ይለኛል። ጥር አለፈ፣ የካቲት አለፈ። አንዳንድ ቀን ከዛፉ ሥር ተቀምጬ የማስበው ነገር ጠፍቶብኝ አለቅስ ነበር። አለንጋው ይሻለኝ ነበር፤ ምን እንደጎደለኝ ቢያንስ በእሱ አውቀው ነበር።

መጋቢት ላይ የበልጉ ዝናብ ጀመረ። አንድ ቀን ከዛፉ ሥር ተነስቼ ሮጬ ገባሁና፣ ጋቢውን ተከናንቦ ለተቀመጠው አባቴ ሳልዘጋጅበት ነገርኩት።

«እናቴ ዝናብን የምታውቀው ሰማይ አይታ አይደለም። ከቀራንዮ በኩል ቆርቆሮ በቆርቆሮ እየረገጠ ሲመጣ በጆሮዋ ትከተለዋለች፤ እማማ ትርንጎ ጣሪያ ላይ ሲደርስ ተነስታ የተሰጣውን ልብስ ታስገባለች።»

አባቴ ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደ። ልብሱን ታቅፋ በር ላይ የቆመችውን እናቴን አያት፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ይህን ማን ነገረሽ?»

«ማንም፣ የኔታ።»

«እንግዲያው ያንቺ ነው። በይ አሁን በፈረንጅ አፍ በይው።»

በፈረንጅ አፍ ለማለት ስነሳ ያ በቃሌ የያዝኩት መጽሐፍ መጣልኝ። ጣሪያ የሚለውን ቃል ከዚያ የሸክላ ቤት ወሰድኩ፤ መስማትን ከውሻው ገጽ፣ መምጣትን ከመንገደኛው ገጽ። ሙሉ ገጹ የሌላ ሰው ቤት ነበር፤ ቃላቱን ነቅዬ ኮልፌ ስተክላቸው ግን የእኔ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ሁሉ የማነበው በዚህ ዓይን ነው።

ሰኔ ላይ የፈተናው ርእስ «እናቴ» ሆኖ መጣ። ብዕሬን አነሳሁና ከዝናቡ ጀመርኩ።

በዓመቱ መዝጊያ ወላጆች በተሰበሰቡበት ድንኳን ሚስስ ቶማስ ስሜን ጠርተው ጽሑፌን እንዳነብ አስነሱኝ። ዜማው ሳላስበው እንዳያመልጠኝ ፈርቼ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን የራሴ ድምፅ ነበር፤ ቀጥ ያለ፣ ሰው እንደሚያወራው። ያ ሁሉ የሚስቅብኝ ክፍል ጸጥ ብሎ ሰማኝ። አባቴ አንዲት ቃል ሳይገባው ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ ቆየና፣ ጭብጨባው ሲፈነዳ ጥምጥሙ እስኪላላ ራሱን ነቀነቀ። ደምሴ ለእናቴ በጆሮዋ ይተረጉምላት ነበር። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ውይ! በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ስለ ልብስ አሰጣጤ አወራችብኝ?»

«ስለ ጆሮሽ ነው፣ እማዬ።»

ወደ ቤት ስንመለስ ነጠላዋን ተከናንባ ከፊታችን ፈጠን ፈጠን ብላ ሄደች። አጥራችን ጋ ስንደርስ ግን ወደ ደምሴ ዞራ «ነገ አስኮ ሂድና ለብርቄ ሌላ ልጅ ትፈልግ በላት» አለችው። እኔን ሳታይ ገባች፤ ትከሻዋ ግን ይስቅ ነበር።

ባለቤቴ ያረፈ ሰሞን ለቅሶ የደረሰኝ ሰው ሁሉ ከጥንት የተቀበልነውን ያንኑ የማጽናኛ ቃል ሳያጓድል ነገረኝ፤ ቃሉም ደግፎ አቆመኝ፤ የተሰጠ ቃል ሰውን እንደሚሸከም ያን ጊዜ በአባቴ ዳስ ውስጥ ሆኜ አልገባኝም ነበር። ባለቤቴ ቁልፉ በኪሱ እያለ እኔ እንድከፍትለት በሩን ያንኳኳ እንደነበር ግን ከእኔ በቀር የሚናገርለት የለም። ስለዚህ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እጽፋለሁ። በልጅነቴ ቃሉ ሞልቶኝ የምለው ነገር አጥቼ ነበር፤ ዛሬ የምለው ሞልቶኝ ቃሉ ይዘገይብኛል። ቢዘገይም ይመጣል፤ ትናንት ግማሽ ገጽ ሞላሁ።