ደረት የሚጠርግ ወተት

በካርቱም እንደኔ ያለ አፍንጫ የተሸከመ ሰው አልነበረም። አብዮቱ በጦፈበት ሰሞን የጎማ ጭስና አስለቃሽ ጋዝ ተደባልቀው ሲመጡ፣ ይሄ ከቡሪ ሰፈር ነው፣ ያ ከሱቅ ዐረቢ ገበያ ነው እያልኩ እንደ ዳኛ እፈርድ ነበር። የምኖርበት የሳጃና ሰፈር ጎረቤቶቼ መስኮት የሚዘጉት እኔን ጠይቀው ነበር። እርግጥ ነው፣ ሁልጊዜ ከፍርዴ ትንሽ ቀደም ብላ ሚስቴ ትስል ነበር።

ሚስቴ አስም አለባት። ቡሪ ሰው ቤት ትሠራለች፤ መንገዱ በሚቃጠል ጎማ በተዘጋ ቀን በእግሯ ነው የምትመለሰው። አንድ ቀን ከሰዓት ደረቷ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ እያለ ገባችና ወለሉ ላይ ዘጭ አለች። ወደ አፏ የምትነፋው መድኃኒት አልቋል። በሰፈሩ ያሉትን ፋርማሲዎች ሁሉ ዞርኩ፤ ሺህ ናቸው ብል ውሸት አይሆንብኝም። የመጨረሻው ባለፋርማሲ ባዶ መደርደሪያውን አሳየኝ።

«የለም፣ ያ ሐጅ። ኢንሻአላህ ይመጣል።»

«እስኪመጣስ ምን ላድርግላት?»

«ከጭስ አርቃት።»

ከጭስ! ከተማው በሙሉ እየጨሰ ወዴት ላርቃት? መስኮቱን ስከፍተው ጎማው ይገባል፤ ስዘጋው ሙቀቱና የጎረቤት ከሰል ያፍናታል። ስከፍት ስዘጋ፣ ስከፍት ስዘጋ ቆየሁና ወደማውቀው ነገር ዞርኩ።

እኔ መኪና ቀለም ቀቢ ነኝ። በኛ ሙያ ቀለም ሲረጭ የዋለ ሰው ማታ ወተት ይጠጣል፤ ደረት ይጠርጋል እንላለን። ደረትና ሆድ አንድ ጓዳ ይመስለናል። የጎማ ጭስም ያው ጥቁር ቀለም ነው ብዬ፣ ከአንድ ቀን በፊት ከአህያ ጋሪ ላይ የገዛሁትን ወተት አነሳሁ።

«አንተ፣ መብራት ከጠፋ ቆይቷል እኮ! አልተበላሸም?» አለች፣ በየቃሉ መሀል አየር እየለመነች።

ጆጉን አፍንጫዬ ሥር አስጠግቼ እንደ ሽቶ ነጋዴ ዓይኔን ጨፈንኩ። «አሁን የታለበ ነው። ያላ፣ ጠጪ!»

«ወላሂ፣ አፍንጫህን አምኜ ነው።»

ሁለቴ ተጎነጨች። ሦስተኛውን ሸሚዜ ላይ መለሰችው። ከዚያ ትውከትና ትንፋሽ በአንዲት ጠባብ ጉሮሮ ይጋፉ ጀመር። ከንፈሯ ሲጠቁር እያየሁ በካርቶን አራገብኩላት፤ ያራገብኩላት ግን ያንኑ ጭስ ነው።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ንፋሱ ጭሱን ይዞ ወደ ወንዙ ዞረና ደረቷ ቀስ በቀስ ላላ። እኔም ወተቱም ያደረግንላት ነገር የለም።

«ቤቱን ሁሉ እያገማው እንዴት አልሸተተህም?» አለችኝ፣ ግድግዳ ተደግፋ።

ምንም አይሸተኝም። የቀለም ማቅጠኛው ቲነር ማሽተቴን ከወሰደብኝ ዓመታት አልፈዋል፤ ያውም ማታ ማታ ወተቴን እየጠጣሁ። የሰፈሩን መስኮት ሳዘጋ የኖርኩት በሷ ሳል ነው።