በክንፉ ወዲያና ወዲህ

ጠዋት፣ ከሮምሶስ

ልቤ ቀድሞኝ ነው ኦስሎ ዳር ካለው ቤቴ የወጣሁት። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ዛሬ ግን የምሄደው የአውሮፕላን ክንፍ ልሰፋ ነው! ሱሪ ሊያሳጥሩ እየመጡ የተዋወቅኳቸው ጡረተኛ፣ አቶ ኦላቭ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ግላዲያተር የሚባል ባለ ድርብ ክንፍ ተዋጊ አውሮፕላን ይጠግናሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን ኖርዌይን የወረረች ጠዋት ኦስሎን ለመከላከል የተነሱት እንዲህ ያሉት ናቸው። ክንፋቸው የሚለብሰው የተልባ እግር ጨርቅ ሲሆን፣ የአቶ ኦላቭ አባት ያን ጨርቅ ይጠግኑ ነበር። አቶ ኦላቭ ሰኞ ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ይገባሉ፤ ክንፉ የዛሬውን የስፌት ምርመራ ሲያልፍ ሳያዩ መግባት አልፈለጉም።

ወደ ሊለስትሮም

መሐል ከተማ ከምድር ውስጥ ባቡር ወርጄ፣ አንድ የታሪፍ ዞን ጨምሬ ቲኬት ቆረጥኩና ሌላ ባቡር ያዝኩ። እርሻው ላይ በረዶው ገና አልቀለጠም። ከሊለስትሮም ጣቢያ በአውቶቡስ አውሮፕላኑ የሚጠገንበት ሃንጋር ደረስኩ።

ሥራው ዱግናድ ነው፣ የእኛ ደቦ። እዚህ ግን የተጠራ ሰው ምሳውን ራሱ ይይዛል። ደጋሽ ያበላኛል ብዬ ባዶ እጄን ስለሄድኩ የአቶ ኦላቭን ዳቦ ተካፈልኩ።

ሃንጋሩ ውስጥ

ክንፉ እንደ ግድግዳ ቆሟል። እሳቸው በወዲያ፣ እኔ በወዲህ ሆነን፣ ሳንተያይ ረጅሙን መርፌ እንቀባበላለን። እጄ ሲፈጥን ደስ አለኝ። ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ መጥታ ስፌቱን ዳሰሰችና ፊቷ ተለወጠ። ለካ እንደ ልብስ ስፌት ቋጠሮውን ሁሉ ወደ ውስጥ ደብቄዋለሁ! ቋጠሮውን በዓይኗ ካላየች አታሳልፈውም። እስክትሄድ ግን ጊዜ ሰጠችን። አፈርኩ።

«ፍቺው፤ ሰኞ ገና ነው» አሉ አቶ ኦላቭ ከወዲያ።

ፈትቼ እንደገና ጀመርን። መጨረሻው ላይ መርፌው ሄዶ ቀረ። ጠበቅኩ። ደነገጥኩ።

«አቶ ኦላቭ?»

«አለሁ። ጨርቁን እየነካሁት ነው። አባቴ ሁልጊዜ ስለዚህ ነበር የሚያወራኝ።»

መርፌው ተመለሰ፤ የመጨረሻውን ቋጠሮ ከላይ አሰርኩት።

መርማሪዋ አንድ በአንድ አይታ በኖርዌይኛ «ያ»፣ ማለትም «አዎ» አለች፤ አለፈ ማለቷ ነው። እልልታዬን አቀለጥኩት። ጡረተኞቹ ደንግጠው ዘወር አሉ፣ ከዚያ አጨበጨቡ። አቶ ኦላቭ ዓይናቸውን እየጠረጉ ድምፁ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። የደስታ ነው አልኳቸው።

«እንግዲያው ከሆስፒታል ስወጣ ድገሚልኝ።»

ምሽት፣ ወደ ቤት

ቋጠሮ መደበቅ ሙያ ይመስለኝ ነበር፤ ነፍስ የሚሸከም ጨርቅ ላይ ግን መታየት አለበት። ባቡሩ የአመሩድን ጣቢያ አልፎ ሰፈሬ ሮምሶስ ሲደርስ ጣቶቼ ያቃጥሉኝ ነበር። አቶ ኦላቭ ከሆስፒታል እስኪወጡ ይድናሉ። ጉሮሮዬን ግን ለእሳቸው እልልታ አስቀምጬዋለሁ።